ደረት ሲመታ የሚጎዳ ልብ፦ ከአደጋው ቦታ እስከ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይይዝና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ከመንገድ ሲወጣ የሹፌሩ ደረት ከመሪው ጋር ይጋጫል። በመንዝ በኩል ደግሞ በቅሎ ስትጫን የረገጠችው፣ ከገደል የወደቀ እረኛ፣ የቤት ጣራ ሲመታ የተንሸራተተ አናጢ፣ በሬ በግንባሩ የገፋው ገበሬ በየጊዜው ወደ ጤና ተቋም ይመጣል። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቆዳቸው አለመቀደዱ ነው። ደም ስለማይታይ ቤተሰብም ጎረቤትም፣ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያውም ጭምር፣ ጉዳቱን ያቃልለዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ነው፤ የመጀመሪያውን እርምጃ ግን ማንኛውም አንባቢ ቢያውቀው ይጠቅማል። እኔ አጥብቄ የማምነው፣ በድፍን ምት፣ ማለትም ቆዳ በማይቀድ ምት፣ ልቡ ተጎድቶ በሕይወት ሆስፒታል የደረሰ ሰው የመትረፍ ዕድሉ የሚወሰነው ልቡ በሚሰፋበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ጉዳቱን የጠረጠረ ባለሙያ በመኖሩና ባለመኖሩ እንደሆነ ነው። የተቀደደን ልብ መስፋት፣ ልቡ ጋ በጊዜ ከተደረሰ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ረቂቅ ሥራ አይደለም። ሉድቪግ ሬን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፈርት በጩቤ የተወጋ ልብ ሰፍቶ ሰውየውን ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ሰው ሠራሽ የልብና ሳንባ ማሽን በተሳካ ሁኔታ ለልብ ቀዶ ሕክምና የዋለው ደግሞ በ1953 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ሃምሳ ሰባት ዓመታት የሚያሳዩት፣ ቀላሉን የልብ ቁስል ለመስፋት ክር፣ መርፌ፣ ብርሃንና የሠለጠነ እጅ እንደሚበቁ ነው።

ከእርምጃዎቹ በፊት፦ ልብ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ልብ ከፊት በፍርንባ፣ ከኋላ በአከርካሪ መካከል ተቀምጧል። ደረት በኃይል ሲመታ በሁለቱ መካከል ይጨፈለቃል። መኪና በፍጥነት ሄዶ ድንገት ሲቆም ደግሞ አካሉ ቢቆምም ልብ ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ልብ ከትላልቅ ደም መልሶች ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይቀደዳል። ሆድ ብቻ ሲጨፈለቅ እንኳ ደም በድንገት ወደ ላይ ተገፍቶ የልብ ክፍሎችን ከውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ደረቱ ላይ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ልቡ ሊጎዳ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ከፍርንባው ጀርባ ፊት ለፊት የሚገኘው የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠቀጠው እርሱ ነው። ጉዳቱ ከቀላል ወደ ከባድ ሲታይ፣ ጡንቻው ሲበልዝ፣ የልብ ምት ሥርዓቱን ሲያጣ፣ የልብ በሮች ወይም በሮቹን የሚይዙት ጅማቶች ሲበጠሱ፣ የግራና የቀኙን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ሲቀደድ፣ ልብን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች ሲጎዱ፣ በመጨረሻም የውጭው ግድግዳ ሲፈነዳ ይገኛል። ከበሮች ውስጥ በብዛት ይጎዳል የሚባለው የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) በር ነው፤ ከደም ቅዳዎችም በልብ ፊት የሚወርደው የግራው ቅርንጫፍ ቀዳሚ ነው። የውጭ ግድግዳቸው የፈነዳባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አደጋው ቦታ ላይ ያልፋሉ። ሆስፒታል የሚደርሱት በአብዛኛው ግፊቱ አነስተኛ የሆነው የቀኙ የላይኛው ክፍል የተቀደደባቸው ወይም የልብ ከረጢት ሳይቀደድ ደሙን ለጊዜው አፍኖ የያዘላቸው ናቸው።

ይኸው ከረጢት ግን ሁለት መልክ አለው። ደሙ እንዳይፈስ ይዞ ሕይወትን ያቆያል፤ ደሙ በበዛ ጊዜ ደግሞ ልብን አፍኖ ይገድላል። ከረጢቱ በድንገት የመለጠጥ ችሎታ ስለሌለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ደም ብቻ በፍጥነት ቢጠራቀምበት ልብ መሙላት ያቅተዋል፤ ይህም ጥቂት የቡና ስኒ ደም ማለት ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ አደጋው ቦታ ላይ

የተጎዳው ሰው ራሱን ከሳተና ካልተነፈሰ ወዲያውኑ ደረቱን መጫን ይጀመር። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። ወጣቶች በገና ጨዋታ ላይ ጥንጓ፣ በእግር ኳስ ሜዳም ጠንካራ ኳስ ወይም የጓደኛ ክርን ደረታቸውን መትቷቸው በቅጽበት ሊወድቁ ይችላሉ። ምቱ ከባድ ላይሆን፣ አጥንትም ላይሰበር ይችላል፤ ነገር ግን ልብ ለቀጣዩ ምት ራሱን በሚያዘጋጅባት እጅግ አጭር ቅጽበት ላይ ስላረፈ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት አናግቶ ልብን ከመምታት ወደ መንቀጥቀጥ ይለውጠዋል። ይህ ልጅ ልቡ አልተቀደደም። ደረቱ ያለማቋረጥ ከተጫነና ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ከደረሰ ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል። ውኃ መርጨት፣ ማገላበጥና ተሸክሞ መሮጥ እነዚያን ውድ ደቂቃዎች ይበላሉ። አንዱ ደረቱን ይጫን፣ ሌላው በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይደውል።

ነቅቶ የሚናገረውን ሰው በተመለከተ ዋናው ነገር ከሚያደርጉለት ይልቅ የማያደርጉበት ነው። ደረቱ አይታሽ፣ ወጌሻ አይጫነው፣ ትኩስ ወተትም ሆነ አረቄ አይጠጣ፤ ምናልባት ከሰዓታት በኋላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል። አንገቱና አከርካሪው ተጎድቷል ተብሎ ካልተጠረጠረ እንዲቀልለው በፈለገው አኳኋን፣ ብዙ ጊዜም ከወገቡ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ልቡ በደም የታፈነ ሰው በግድ ሲያስተኙት ትንፋሹ ይብስበታልና አይገደድ። በጣርማበርና በመንዝ ብርድ ደም የፈሰሰው ሰው አካሉ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አካል ደግሞ ደም አያረጋም፣ ልቡም ምቱን ያዛባል። እርጥብ ልብሱ ወልቆ በጋቢ፣ በቡሉኮ ወይም በባና ይጠቅለል። መኪና ወደማይደርስበት መንደር ከሆነ በቃሬዛ ሲወሰድ ራስጌው ከፍ ይበል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ በጤና ጣቢያ መጠርጠር

ጉዳቱን የሚያጋልጠው ከሁሉ አስቀድሞ የአደጋው ታሪክ ነው። መሪው ተጣሟል? ከምን ያህል ከፍታ ወደቀ? በቅሎዋ የረገጠችው የት ላይ ነው? አብሮት የነበረ ሰው ሞቷል? እነዚህን ጥያቄዎች ከአመጣው ሰው መጠየቅና መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ከዚያ ልብሱ ወልቆ ደረቱ ይታይ፣ ይዳሰስ። የመሪ ቅርጽ ያለው ብልዝ፣ የሚንጣጣ ጎድን፣ ፍርንባ ላይ ያለ ሕመም ሁሉ ይመዘገባል። የፍርንባ ስብራት ብቻውን ልብ ለመጎዳቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስብራት አለመኖሩም ልብ ደኅና ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። ይህን የምለው ባለሙያዎች በራጁ ላይ ስብራት ሲያጡ ልባቸው እንደሚረጋ ስለማውቅ ነው።

አንገት ላይ ያለው ደም መልስ ልዩ ትኩረት ይሻል። ታካሚው ወደ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ፣ ፊቱን በመጠኑ ወደ ግራ አዙሮ፣ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን በአንገቱ ላይ በአግድም ሲያርፍ፣ ከአንገቱ ሥር አንሥቶ ወደ መንጋጋው የሚወጣው ደም መልስ ጣት አክሎ ተወጥሮ ከታየና የደም ግፊቱ ግን እየወረደ ከሆነ፣ ይህ ሰው ደም ስለፈሰሰው ብቻ አይደለም የደከመው። ወይ ልቡ በደም ታፍኗል፣ ወይ አየር ደረቱ ውስጥ ታምቆ ሳንባውን ጨፍልቆታል፣ ወይም የቀኙ የልብ ክፍል ተቀጥቅጦ መግፋት አቅቶታል። የግፊት መውረድ፣ የአንገት ደም መልስ መወጠርና የልብ ድምፅ መራቅ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት በጥቂት ታካሚዎች ላይ ብቻ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው አንገቱ ላይ የሚወጠር ደም አይኖረውም፤ በጫጫታ መካከልም የልብን ድምፅ ርቀት መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ታምቆ የቀረ አየርን መለየት ግን እዚያው መደረግ አለበት። በአንዱ ጎን ትንፋሽ ካልተሰማ፣ ጎኑ በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠና ታካሚው እየታፈነ ከሆነ፣ ራጅ ሳይጠበቅ በዚያው ጎን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሐል መስመር ጥቂት ወደፊት ብሎ፣ ረጅምና ወፍራም መርፌ በጎድኑ የላይኛ ጠርዝ በኩል ይግባ፤ ቀጥሎም የደረት ቱቦ ይተከል። መርፌው ገብቶ ለውጥ ካልመጣ ልብ ይታሰብ።

በደጋው አካባቢ የሚሠራ ሰው የኦክስጅን መጠን ሲለካ ከፍታውን ማሰብ ይኖርበታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የጤነኛ ነዋሪ ንባብም ቆላ ካለው ሰው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ደረቱ የተመታን ሰው ዝቅተኛ ንባብ «የአገሩ ከፍታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ኦክስጅን ይሰጠው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ኢሲጂ፣ ትሮፖኒንና አልትራሳውንድ

ደረቱ በኃይል የተመታ ሰው ሁሉ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሣ። ፈጣን ምት፣ ተደራራቢ ትርፍ ምቶች፣ ሥርዓት የለሽ የላይኛው ክፍል ምት፣ የቀኙ የኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ መዘጋት፣ የልብ ደም ቅዳ ሲዘጋ የሚታየውን የሚመስል ለውጥ ሁሉ ሊታይ ይችላል። መደበኛው ኢሲጂ በአብዛኛው የሚያሳየው የግራውን ክፍል ስለሆነ፣ የሚቀጠቀጠው ግን የቀኙ ስለሆነ፣ ጥርጣሬ ሲኖር የደረት ገመዶቹን በቀኝ በኩል ደግሞ ማንሣት ይጠቅማል።

ኢሲጂውም፣ ትሮፖኒኑም (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲን) ደኅና ከሆኑ ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ጉዳት የለም ለማለት ይቻላል፤ ትሮፖኒኑን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ መድገም የበለጠ ያረጋግጣል። ሌላ ጉዳት የሌለበት እንዲህ ያለ ታካሚ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ከተዛባ ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት በሞኒተር ሥር ይቆያል። ትሮፖኒን በማይሠራበት ተቋም ታካሚውን አቆይቶ ኢሲጂውን መደጋገም ወይም ወደሚሠራበት መላክ ነው። ቤተሰብ «ጋሼ ደኅና ናቸው፣ እየተናገሩ ነው፤ ሳይመሽ ይዘናቸው እንግባ» ሲል፣ ባለሙያው በትሕትና ግን በማያሻማ ቃል «አባባ፣ ዛሬ ሌሊት ልብዎ ምቱን ቢስት እዚህ ሆነው እንመልሰዋለን፣ ቤት ሆነው ግን አንችልም» ብሎ ማስረዳት አለበት። እንዲህ በግልጽ ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይቆያሉ።

አልትራሳውንድ ካለ ለዚህ ጉዳት ከራጅ ይቀድማል። መሣሪያው ከፍርንባው ጫፍ ሥር ወደ ግራ ትከሻ አቅጣጫ ጠልቆ ሲያዝ በልብና በከረጢቱ መካከል ጥቁር ፈሳሽ መኖሩን በአንድ ደቂቃ ያሳያል። ሁለት ወጥመዶች አሉ። የረጋ ደም እንደ ጥቁር ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ግራጫ ሥጋ ሊታይ ይችላል። ከረጢቱም አብሮ ከተቀደደ ደሙ ወደ ግራው ደረት ስለሚፈስ በልብ ዙሪያ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ግራው ደረት በደም ተሞልቶ ልብ ዙሪያ ንጹሕ የመሰለለት ሰው ነጻ አይባል፤ ምርመራው ይደገምለት። የደም ግፊቱ ያልተረጋጋ ወይም አዲስ የምት መዛባት የጸናበት ታካሚ የተሟላ የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ያስፈልገዋል።

አራተኛ እርምጃ፦ የታፈነ ልብን ይዞ ማቆየት

ልቡ በደም የታፈነ ሰው የሚኖረው ወደ ልቡ በሚመለሰው ደም ግፊት ነው። ስለዚህ በሰፊ መርፌ ሁለት መስመር ይከፈትና ፈሳሽ በ250 ሚሊ ሊትር እየተከፈለ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ምቱና ግፊቱ እየታየ ይሰጥ፤ ደም ከተገኘ ደም ይቀድማል። የቀኙ ክፍል ተቀጥቅጦ ከሆነ ደግሞ ብዙ ፈሳሽ መስጠት ልቡን ይበልጥ ያውካልና መጠን ይጠበቅ። የምት መዛባት ሲኖር ከመድኃኒት በፊት ኦክስጅን፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዢየምና የሰውነት ሙቀት ይስተካከሉ።

ከሁሉ የከበደው ጥፋት የሚፈጸመው ታካሚውን ለማስተኛት ሲቸኮል ነው። ልቡ የታፈነ ሰው በራሱ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ደም ወደ ልቡ ያመጣለታል። ማደንዘዣ ሰጥተው በቱቦ አየር መግፋት ሲጀምሩ ያ መሳብ ጠፍቶ በምትኩ ግፊት ይመጣል፤ ልቡም በደቂቃ ውስጥ ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ታካሚው ነቅቶ እያለ ደረቱ በመድኃኒት ታጥቦ፣ ጨርቁ ተዘርግቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን ለብሶ ቢላዋውን ይዞ ከቆመ በኋላ ብቻ ማደንዘዣ መስጠት ነው። ኬታሚን በተቀነሰ መጠን የተሻለው ምርጫ ነው። አየሩም በዝቅተኛ ግፊት ይገፋ።

በመርፌ ደሙን ስለ መቅዳት ብዙ ይጠየቃል። በዚህ ጉዳት ደሙ አብዛኛው የረጋ ስለሆነ መርፌው ላይስበው ይችላል፤ ልብንም ሊወጋ ይችላል። ሆኖም ቀዶ ሐኪም በሌለበት፣ መንገዱ ረጅም በሆነበትና ታካሚው እየሞተ ባለበት ቦታ መሞከር ተገቢ ነው። መርፌው ከፍርንባው ጫፍ በስተ ግራ ሥር፣ በ45 ዲግሪ ወደ ግራ ትከሻ፣ ቢቻል አልትራሳውንድ እያየ ይገባል። ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ደም መውጣቱ ብቻ የደም ግፊትን ሊያነሣ ይችላል። ቀጭን ቱቦ በቦታው ተትቶ በመዝጊያ ይዘጋ፤ በመንገድ ላይ ግፊቱ እንደገና ሲወርድ ይከፈታል። ይህ ጊዜ መግዣ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን አያስቀርም።

አምስተኛ እርምጃ፦ መላክ ወይስ መክፈት?

ሁሉም ነገር የሚያዘው በታካሚው ሁኔታ ነው። ግፊቱ የተረጋጋ፣ ነገር ግን አልትራሳውንዱ ላይ ደም የታየበት ሰው ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እንደ ጉዳቱ ዓይነት ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጉዞው እንደ መንገዱ ሁኔታ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው ይህን መንገድ አይዘልቀውም። እርሱን ደረት መክፈት የሚችል ባለሙያ ያለበት የመጀመሪያው ሆስፒታል ይክፈተው።

የሚላክ ከሆነ ተቀባዩ ሆስፒታል መኪናው ከመነሣቱ በፊት በስልክ ይወቅ፤ አብሮት የሚሄደው ባለሙያ የትንፋሽ ቱቦ ማስገባትና ደረት መጫን የሚችል ይሁን። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የአደጋው ሰዓትና ዓይነት፣ የመጀመሪያው ምትና ግፊት፣ የተሰጠው ፈሳሽ መጠን፣ የደም ዓይነቱ ይጻፍ፤ ኢሲጂውም ይያያዝ። «የደረት ጉዳት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሪፈር ተቀባዩን ሐኪም ከዜሮ ያስጀምረዋል። ደም መስጠት የሚችሉ ዘመዶች አብረው ወይም ተከታትለው ቢሄዱ እጅግ ይረዳል።

በድፍን ምት ልቡ ጨርሶ የቆመን ሰው ደረት እዚያው መክፈት የሚያዋጣው በጥቂት ሁኔታ ነው፤ ምቱ ባለሙያ ፊት የጠፋ ወይም ደረቱ ሲጫን የቆየው ከ10 ደቂቃ በታች ከሆነ። ከዚያ ካለፈ የመትረፍ ተስፋው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ለባለሙያውም የመርፌና የደም ንክኪ አደጋ ስላለው፣ አይመከርም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ደረትን መክፈት

ሁለት በሮች አሉ። ታካሚው ጊዜ ከሰጠና መጋዝ ካለ ፍርንባውን ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል መክፈት ልብን ሙሉ በሙሉ ያሳያል። የኤሌክትሪክ መጋዝ በሌለበት የሽቦ መጋዝ ወይም መዶሻና ልዩ መሮ ያገለግላል። ታካሚው እየሞተ ከሆነ ወይም መጋዝ ከሌለ፣ በግራ ደረት ከጡት ሥር፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ክፍተት፣ ከፍርንባው ጠርዝ እስከ ብብት ድረስ የጎድኑን መታጠፍ ተከትሎ ይከፈታል። የጎድን ማስፋፊያው እጀታ ወደ ብብት ይዙር፤ ወደ ፍርንባው ከዞረ ቁስሉን ወደ ቀኝ ለማስፋት በተፈለገ ጊዜ እንቅፋት ይሆናል። የቀኙ ክፍል ጉዳት ከሆነና ከግራ አልታይ ካለ ፍርንባውን አቋርጦ በቀኝ ደረትም መክፈት ነው። በዚህ ጊዜ በፍርንባው ግራና ቀኝ ያሉት ደም ቅዳዎች ይቆረጣሉ፤ መጀመሪያ ላይ ግፊት ስለሌለ አይደሙም፣ ልቡ ሲነሣ ግን ይደማሉና መቋጠራቸው አይረሳ።

ከረጢቱ በደም ሲወጠር ሰማያዊ ሆኖ ያብጣል፤ በመቆንጠጫ ለመያዝ ይንሸራተታል። ስለዚህ በቢላዋ ጫፍ በጥንቃቄ ትንሽ ሰንጥቆ በመቀስ ማስፋት ይቀላል። በግራው ደረት በኩል ሲገባ በከረጢቱ ጎን የሚወርደው የድያፍራም ነርቭ ይታያል፤ ቁርጡ ከእርሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደፊት ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ከረጢቱ እንደተከፈተ ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ተገፍቶ ይወጣል፤ ማደንዘዣ ሰጪው ወዲያውኑ ግፊቱ መውጣቱን ይናገራል፤ ልቡም ጠንክሮ ሲመታ በእጅ ይሰማል። በዚሁ ቅጽበት ግን ታፍኖ የነበረው ቀዳዳ መርጨት ይጀምራል፤ ቀዶ ሐኪሙ ደስታውን ትቶ ጣቱን ቀዳዳው ላይ ማኖር አለበት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ መስፋት

ጣት ከሁሉ የተሻለ መያዣ ነው። የታች ክፍል ቀዳዳ በጣት ጫፍ ይደፈን፤ የላይኛው ክፍል ቀዳዳ ግን ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጠርዞቹ ተሰብስበው በጎባጣ የደም ሥር መቆንጠጫ ይያዙ። ከዚያ ሳይቸኮል መብራት፣ መምጠጫና ደም መዘጋጀታቸው ይረጋገጥ። ደሙ ወደ ደረት የፈሰሰ ንጹሕ ደም ከሆነና ዝግጅቱ ካለ ለራሱ ለታካሚው መመለስ ይቻላል።

የላይኛው ክፍል በ4-0 ወይም በ5-0 ፖሊፕሮፒሊን ክር ተከታታይ ስፌት ይሰፋል። የታችኛው ክፍል በ3-0 ወይም በ4-0 ክር፣ አግድም በሚሄድ ተመላላሽ ስፌት፣ በሁለቱም በኩል ትናንሽ የቴፍሎን ቁራጮች ተደርገውለት ይሰፋል፤ ቴፍሎን ከሌለ ከራሱ ከታካሚው የልብ ከረጢት የተቆረጡ ቁራጮች ያገለግላሉ። በድፍን ምት የተቀጠቀጠ ጡንቻ ውኃ የጠጣና ልፍስፍስ ስለሆነ፣ ያለ ድጋፍ የተጎተተ ክር እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ክሩ ጠርዞቹን የሚያገናኝ ያህል ብቻ ይጥበቅ፤ የሚያነቅ አይሁን። መርፌው ከምት ጋር እየተጓዘ፣ በአንድ ምት አንድ ጎን ብቻ ይለፍ።

ቁስሉ ልብን ከሚመግበው ደም ቅዳ አጠገብ ከሆነ ስፌቱ ከደም ቅዳው ሥር ተሻግሮ ይለፍ እንጂ በላዩ አይታሰር፤ ታስሮ ከተዘጋ ልብ እየተሰፋ ይሞታል። ከስፌቱ በኋላ ኢሲጂው ላይ አዲስ ለውጥ ከመጣ ክሩ ተፈትቶ ይደገም። ቀዳዳው ትልቅ ሆኖ ጣት ካልበቃው የሽንት ቱቦ አስገብቶ ፊኛውን በትንሹ ሞልቶ በቀስታ መሳብ ጊዜ ይሰጣል፤ በኃይል ከተጎተተ ግን ቀዳዳውን ያሰፋል። ደም እንዳይወጣበት የቱቦው የውጭ ጫፍም ከመግባቱ በፊት ይቆንጠጥ።

የልብን ጀርባ ለማየት ልብ በድንገት ወደ ላይ አይነሣ። ደም መልሶቹ ይታጠፉና ልቡ ወዲያው ይቆማል። እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ አንድ በአንድ እየተደረገ ቀስ በቀስ ይነሣ፤ ምቱ ሲደክም ይመለስና ይረፍ። የላይኛው ክፍል ከደም መልስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከተቀደደ ሁለቱን ትላልቅ ደም መልሶች ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ዘግቶ መስፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ልቡ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በሁለት እጅ መካከል ይጨመቅ፤ የውስጥ መንዘሪያ ካለ ከ10 እስከ 50 ጁል ባለው ኃይል ይመለስ።

ሲጨረስ ከረጢቱ ጥብቅ ሆኖ አይዘጋ። ልብ ያብጣል፤ ከታችም ደም የሚወጣበት ክፍተት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልብ ሾልኮ የሚወጣበት ሰፊ ቀዳዳም አይተው። በልብ ዙሪያና በተከፈተው ደረት ቱቦዎች ይቀመጣሉ።

የማሽን ድጋፍ የሚሹ ጉዳቶች

የውስጥ ግድግዳ መቀደድ፣ የበሮች መበጠስና አንዳንድ የደም ቅዳ ጉዳቶች ልብን አቁሞ መክፈት ስለሚጠይቁ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አይነኩም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ማዕከል እንዲህ ያለውን ሥራ ከሚሠሩት ተቋማት አንዱ ነው። የጤና ጣቢያው ድርሻ ምልክቱን ማወቅ ነው፤ ከአደጋው በፊት ያልነበረ የልብ ሹክሹክታ በተሰማ ጊዜ፣ በተለይም ታካሚው በድንገት የትንፋሽ ማጠርና አረፋማ አክታ ከጀመረው፣ ኤኮ ሳይደረግለት አይቆይ። የግራው በር ጅማት የተበጠሰበት ሰው በአስቸኳይ ይሠራለታል። ትንሽ የግድግዳ ቀዳዳ ያለበትና ግፊቱ የተረጋጋ ሰው ግን ጠርዙ እስኪጠና፣ ሌሎቹም ጉዳቶች እስኪሽሩ ሳምንታት መጠበቁ የተሻለ ነው፤ ትኩስ የተቀደደ ሥጋ ክር አይዝም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሦስት ነገሮች በየሰዓቱ ይመዝገቡ፦ ግፊት፣ ሽንትና የቱቦው ደም። ሽንት በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊ ሊትር መድረስ ይኖርበታል። ቱቦው በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ እያፈሰሰ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ ደረቱ እንደገና ይከፈት። ከዚህ የበለጠ የሚያታልለው የቱቦው በድንገት መድረቅ ነው። ተረኛው «ደሙ ቆመ» ብሎ ሲደሰት፣ ቱቦው በረጋ ደም ተዘግቶ ልብ እንደገና እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ደሙ ቆሞ ግፊት ከወረደ፣ ቱቦው ይፈተሽ፣ አልትራሳውንድ ይደረግ፣ ቀዶ ሐኪሙም ይጠራ።

ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ኤኮ ይነሣለት፤ በጥድፊያ ወቅት ያልታየ የግድግዳ ቀዳዳ ወይም የበር ጉዳት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ፍርንባው የተከፈተ ገበሬ አጥንቱ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ከ5 ኪሎ በላይ አያንሣ፤ ሞፈር መሸከም፣ ማረስ፣ እህል መጫንና በቅሎ መጋለብ እስከ ሦስት ወር ይቆዩ። ይህ ሲነገር ባለቤቱና ልጆቹም አብረው ይስሙ፣ ምክንያቱም በመኸር ወቅት የሥራው ጫና ከሐኪም ትእዛዝ ይበልጣል፤ እርሻውን ማን እንደሚይዝለት ካልተነጋገሩ ሰውየው በአራተኛው ሳምንት ሞፈር እንደሚይዝ የታወቀ ነው።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከደረት ውጋት ጋር ከመጣ የልብ ከረጢት መቆጣት ይጠርጠር፤ ፈሳሽም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ኤኮው ይደገም። የቀኙ በር ጉዳት በተለይ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በእግር እብጠት፣ በሆድ መነፋትና በቶሎ መድከም ሊገለጥ ስለሚችል፣ ታካሚው የመውጫ ወረቀቱንና የኤኮ ውጤቱን ቅጂ በቤቱ ያስቀምጥ፤ ከዓመታት በኋላም ለሌላ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ይዞት ይሂድ፤ የሚያክመውም ባለሙያ ደረቱን በማዳመጫ ሲያዳምጥ የቀድሞውን አደጋ ቀን በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።